የመኖሪያ ቤት መሠረት ከመጣሉ በፊት የቦታውን አፈር ስለ መመርመር

የቤት መሠረት የሕንፃውን ክብደት ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያስተላልፍ የግንባታ ክፍል ነው። መሠረቱ የቱንም ያህል ጥራት ባለው ሲሚንቶና ፌሮ ቢሠራ ከሥሩ ያለው አፈር ካበጠ፣ ከሰመጠ ወይም ከተንሸራተተ ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአገራችን በርካታ ከተሞች አዳዲስ ቤቶች ገና በሁለተኛውና በሦስተኛው ክረምት ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ፣ በራቸው አልዘጋ ሲልና ወለላቸው እንደ ጉብታ ሲነሣ ይታያል። በእነዚህ ጊዜያት ወቀሳው ብዙውን ጊዜ በግንበኛው ላይ ያርፋል። የችግሩ መነሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ የቦታው አፈር ሳይመረመር መጣሉ ነው። የተጎዳ መሠረትን ማከም ቤቱን እንደገና ከመሥራት የማይተናነስ ወጪ የሚጠይቅበት ሁኔታ አለ። ለአብዛኛው ቤተሰብ ቤት የዕድሜ ልክ ቁጠባ ውጤት በመሆኑ ይህን ወጪ ሁለተኛ ጊዜ ለመሸፈን የሚችለው ጥቂት ነው።

ይህ መረጃ የራሳቸውን መኖሪያ ቤት ለመገንባት ለተዘጋጁ ባለይዞታዎች የቀረበ ነው። የባለሙያን ሥራ አይተካም። ሆኖም ባለይዞታው በራሱ ዓይን ምን ማየት እንደሚችል፣ ከባለሙያው ምን መጠየቅ እንዳለበትና የምርመራ ሪፖርት ሲቀርብለት እንዴት እንደሚያነበው ያመለክታል።

ጥቁር አፈር

በአገራችን በመኖሪያ ቤት መሠረት ላይ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው እንደየአካባቢው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ እየተባለ የሚጠራው ሸክላማ አፈር ነው። ይህ የአፈር ዓይነት በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። በአዲስ አበባ በቦሌ፣ በገርጂና በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች፣ ከመዲናዋ ውጪ ደግሞ በበቾ ሜዳ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ በባሕር ዳርና በፎገራ ሜዳ እንዲሁም በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ሜዳዎች በስፋት ይገኛል። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ በመሆኑ በአርሶ አደሩ ዘንድ የሚወደድ መሬት ነው። ለግንባታ ግን ባሕርይው ሌላ ነው።

ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ማዕድን እጅግ ስስ በሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ በንብርብሮቹ መካከል ሰርጎ ይለያያቸዋል፤ አፈሩም ያብጣል። በበጋ ውሃው ሲተን ንብርብሮቹ ይቀራረባሉ፤ አፈሩ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በሚያዝያና በግንቦት በጥቁር አፈር ሜዳ ላይ እጅ የሚያስገባ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች የሚዘልቅ ስንጥቅ ማየት የተለመደ ነው። ይህ የማበጥና የመኮማተር ዑደት በየዓመቱ ይደጋገማል። መሬቱ በየክረምቱ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በየበጋው ደግሞ ይለቀዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ቤቴ ባለ አንድ ወለል ነው፤ ክብደት ስለሌለው ምርመራ አያስፈልገውም» የሚለው አስተሳሰብ በጥቁር አፈር ላይ ተቃራኒው ትክክል ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 0.9 ቶን ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ መሠረት 1.3 ቶን ያህል ይጨምራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ከእነ እንጨቱ 0.2 ቶን ያህል ቢታሰብ ድምሩ 2.4 ቶን ይሆናል። ይህ ክብደት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መሬት ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ወደ 4 ቶን ገደማ ነው። ጥቁር አፈር እንዳያብጥ ታፍኖ ሲያዝ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ግን በካሬ ሜትር ከ10 ቶን አልፎ 20 እና 30 ቶን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚጫነውን አፈር ቀላሉ የመኖሪያ ቤት ሊጫነው አይችልም። የቤቱ ወለል ሁኔታ ከዚህም የባሰ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪትና ከሥሩ ያለው የድንጋይ ንጣፍ በአንድነት በካሬ ሜትር ከአንድ ቶን በታች ስለሚመዝኑ ቀድሞ የሚነሣው ወለሉ ነው።

አፈሩ በቤቱ ሥር ሁሉ እኩል አያብጥም። ከቤቱ መሃል ሥር ያለው አፈር ፀሐይ ስለማያገኘው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከዳር ያለው ደግሞ በየወቅቱ ይደርቃል፣ ይረጥባል። የመስኮትና የበር ማዕዘኖች ላይ በሰያፍ የሚወጡት ስንጥቆች መንስኤም ይህ ልዩነት ነው፤ ቤቱ ባንድነት ቢነሣና ቢወርድ ኖሮ ጉዳቱ እምብዛም ባልሆነ ነበር።

ሌሎች ሊታወቁ የሚገባቸው የመሬት ዓይነቶች

ቀይ አፈር በአመዛኙ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈረካከስ የተገኘ ሲሆን ለመኖሪያ ቤት መሠረት ከጥቁር አፈር የተሻለ ነው። ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ ይገባዋል። በእንጦጦ ግርጌና መሰል ዳገታማ አካባቢዎች መሠረት ሲቆፈር ትልቅ ድንጋይ ሲገኝ «አለት ወጣ» ተብሎ ቁፋሮው የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የባዛልት ድንጋይ ሲፈረካከስ ያልፈረሱ ትላልቅ ቋጥኞችን በለስላሳ አፈር መካከል ትቶ ያልፋል። የተገኘው ድንጋይ በአፈር ውስጥ የተቀበረ ብቸኛ ቋጥኝ ከሆነ የመሠረቱ አንዱ ማዕዘን በድንጋይ ላይ፣ ሌላው በሸክላ ላይ ያርፋል፤ ይህም ሙሉ በሙሉ በሸክላ ላይ ከማረፍ የከፋ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። የድንጋዩን ዙሪያ ገልጦ ስፋቱንና ከሥሩ ያለውን ማረጋገጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ለምሳሌ በአዳማ፣ በባቱና በሐዋሳ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ቀላልና ቀዳዳማ ጠጠር እንዲሁም የሐይቅ ደለል ይበዛል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደረቅ ሲሆኑ ጠንካራ መስለው ይታያሉ፤ ውሃ ሲያገኛቸው ግን የቅንጣቶቹ ትስስር ስለሚፈርስ በድንገት ይሰምጣሉ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከከባድ ዝናብ በኋላ ረጃጅም የመሬት ስንጥቆች የሚከፈቱበት ሁኔታም አለ። በአካባቢው ቀደም ሲል ስንጥቅ ታይቶ ከሆነ በሽማግሌዎች ዘንድ ይታወሳል፤ አቅጣጫው ወደ ቦታው የሚያመራ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋውም ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ለወራት በተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶች ተሰንጥቀዋል፤ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። ለስላሳና ጥልቅ አፈር ንዝረትን ያጎላል፤ በውሃ የተሞላ ልል አሸዋ ደግሞ በንዝረት ጊዜ የመሸከም አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ከሐይቅ ዳርቻ አጠገብ የሚገነባ ሰው ይህንን ለመሐንዲሱ በግልጽ ማንሣት አለበት።

ተዳፋት መሬት ላይ ጥያቄው አፈሩ ይሸከማል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን ቦታው ራሱ ባለበት ይቆያል ወይ የሚል ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ዜጎችን ሕይወት ቀጥፏል። ደሴ ከተማና ዙሪያዋም በመሬት መንሸራተት ለረጅም ጊዜ የሚታወቁ ናቸው። በዳገት ላይ ከሥራቸው ጎብጠው ያደጉ ዛፎች፣ ያዘነበሉ የመብራት ምሰሶዎች፣ በማሳው ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መሬትና ከተዳፋቱ ወገብ የሚፈልቅ ውሃ ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ መሬት ምልክቶች ናቸው። እነዚህ በአንድነት በሚታዩበት ቦታ ላይ መሠረትን ማጥለቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በሙሌት የተስተካከለ ቦታ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው። የቀድሞ ድንጋይ ማውጫ፣ የወንዝ ዳር ገደል ወይም የቆሻሻ መጣያ በገልባጭ መኪና አፈር ተሞልቶ ሲስተካከል ሜዳ ይመስላል። በተዳፋት ላይ የተሸነሸኑ ቦታዎችም የላይኛው ግማሽ ተቆርጦ የታችኛው ግማሽ በዚያው አፈር የተሞላ ሊሆን ይችላል። በቁፋሮ ጊዜ የጡብ ስብርባሪ፣ ፌስታል፣ ከሰል ወይም የበሰበሰ ነገር ሽታ ከተገኘ መሬቱ ሙሌት ነው፤ ያለ ባለሙያ ውሳኔ መሠረት ሊጣልበት አይገባም።

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ባለይዞታው ሊያያቸው የሚችላቸው

ርካሹና ምናልባትም ጠቃሚው ምርመራ የጎረቤትን ቤት ማየት ነው። በአካባቢው አምስትና ስድስት ዓመት የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ መኖሩ፣ አጥሮች ማዘንበላቸው፣ የበረንዳ ወለል ከቤቱ መላቀቁ ከቦታው አፈር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት በሮቹ በክረምት እየተጣበቁ በበጋ እንደሚላሉ ከነገረ ይህ መረጃ ብዙ ያስረዳል። መሠረታቸውን ስንት ሜትር እንዳወረዱ፣ ውሃ በስንት ሜትር እንዳገኙና ምን ዓይነት አፈር እንደወጣ መጠየቅም ይገባል። በአካባቢው የውሃ ጉድጓድ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ የቆፈሩ ሰዎች ከማንም በላይ የመሬቱን ሽፋን ያውቁታል።

አፈሩን በእጅ መለየትም ይቻላል። ጥቂት አፈር አርጥቦ በመዳፍ መካከል ማድቦልቦልና እንደ ክር ማርዘም ነው፤ አሸዋማ ከሆነ ወዲያው ይበጣጠሳል፣ ሸክላማ ከሆነ ሳይቆረጥ ቀጭን ክር ይሆናል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። በተጨማሪም የአንድ ብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶ ያህል አፈር አድርጎ ውሃ ሞልቶ በደንብ ከናጡ በኋላ ማስቀመጥ ይጠቅማል። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሸክላው ግን ውሃውን ከአንድ ቀን በላይ አደፍርሶ ይቆያል። እነዚህ ሙከራዎች ጥርጣሬን ለማጠናከር ወይም ለማቃለል የሚያገለግሉ እንጂ የመሠረት ንድፍ የሚሠራባቸው አይደሉም።

የሙከራ ጉድጓድና የጊዜ ምርጫ

ለመደበኛ የመኖሪያ ቤት ምርመራ በብዛት የሚያገለግለው የሙከራ ጉድጓድ ነው። ሰው ገብቶ ሊያይ በሚችለው ስፋት፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል። አንድ ጉድጓድ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት፣ በተለይም ቦታው ተዳፋት ወይም ሙሌት ያለበት ከሆነ ሦስትና ከዚያ በላይ፣ በተቃራኒ ማዕዘኖች ቢቆፈሩ ልዩነቱ ይታወቃል። ጉድጓዶቹ የወደፊቱ መሠረት በቀጥታ ከሚያርፍባቸው ነጥቦች ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለባቸው፤ የተቆፈረ መሬት ተመልሶ ቢሞላም እንደ ቀድሞው አይሆንምና። ሕንፃው ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ጠንካራው መሬት ጥልቅ ከሆነ በማሽን የሚከናወን የጉድጓድ ቁፋሮ ያስፈልጋል።

ጥልቀቱ ከ1.5 ሜትር ያለፈ ጉድጓድ ግድግዳው በእንጨት ሳይደገፍ ወይም በተዳፋት ሳይቆረጥ ሰው ሊገባበት አይገባም። የተቆፈረው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ መከመር አለበት። በየዓመቱ ቆፋሪዎች በሚናድ አፈር ሕይወታቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ቀላል በሚመስሉ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ሥራው ሲያበቃም ጉድጓዱ ወዲያው መሞላት ወይም መከደን አለበት፤ ሕፃናትና ከብቶች ይገቡበታል።

ቁፋሮው የሚካሄድበት ወቅት ውጤቱን ይለውጠዋል። በግንቦት የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ በመስከረም ውሃ የማይኖረው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታው የሚታየው ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በተቃራኒው የጥቁር አፈር ስንጥቅ ጥልቀት በግልጽ የሚታየው በበጋው መጨረሻ ነው። ደረቅ ጥቁር አፈር በሚያዝያ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሚሆን በዚያ ወቅት የሚደረግ የጥንካሬ ሙከራ ከእውነተኛው የበለጠ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። ያው አፈር በነሐሴ በእግር የሚረገጥ ጭቃ ነው። ምርመራውን በሁለቱም ወቅቶች ማድረግ ለአብዛኛው ሰው የሚቻል ባለመሆኑ ባለሙያው የተቆፈረበትን ቀን በሪፖርቱ እንዲመዘግብና ወቅቱን ከግምት ውስጥ ያስገባ ድምዳሜ እንዲሰጥ መጠየቅ አማራጭ የሌለው ነው።

ላቦራቶሪና የምርመራ ሪፖርት

ከየሽፋኑ የሚወሰደው ናሙና እርጥበቱ እንዳይጠፋ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የተወሰደበት ጥልቀትና ቀን ተጽፎበት ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በላቦራቶሪ የተፈጥሮ እርጥበቱ፣ የቅንጣቶቹ መጠን፣ አፈሩ ከጠጣርነት ወደ ለስላሳነት ከዚያም ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥባቸው የእርጥበት መጠኖች ይለካሉ። ለጥቁር አፈር የነፃ እብጠት ሙከራ ሊዘለል አይገባም። 10 ሚሊ ሊትር ደቃቅ ደረቅ አፈር በውሃ በተሞላ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ተጨምሮ ከዘቀጠ በኋላ ምን ያህል እንዳበጠ ይነበባል። 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ እብጠቱ 100 በመቶ ነው፤ ይህም ለቀላል ሕንፃ አደገኛ አፈር ነው። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ስጋቱ አነስተኛ ነው። ውጤቱ ከፍ ያለ ከሆነ አፈሩ ሲያብጥ የሚፈጥረው ግፊትም በቀጥታ መለካት ይኖርበታል።

በማሽን ቁፋሮ ጊዜ በስፋት የሚሠራበት የመስክ ሙከራ በመሐንዲሶች ዘንድ ኤስፒቲ የሚባለው ነው። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ የብረት ቱቦ ወደ አፈሩ ይመታል። የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም፤ ቀጣዩን 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት የፈጀው የምት ብዛት ይመዘገባል። ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ልል ወይም ለስላሳ ነው።

ሪፖርቱ ሲቀርብ አብዛኛው ባለይዞታ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ የመሸከም አቅም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በኪሎ ፓስካል ይጻፋል፤ 100 ኪሎ ፓስካል በካሬ ሜትር ወደ 10 ቶን ገደማ ነው። በተለምዶ በጣም ለስላሳ ሸክላ ከ75 ኪሎ ፓስካል በታች፣ ጠንካራ ሸክላ ከ150 እስከ 300 ኪሎ ፓስካል ይሸከማል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ሊያዘናጋ ይችላል። ጥቁር አፈር በቂ የመሸከም አቅም ኖሮት ቤቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ችግሩ መሬቱ ቤቱን አለመሸከሙ ሳይሆን ቤቱን ማንሣቱ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቦታ በንድፍ ላይ፣ የየሽፋኑን ውፍረት፣ ውሃ የተገኘበትን ጥልቀት ከእነ ቀኑ፣ የእብጠት ውጤቱን፣ መሠረቱ የሚወርድበትን ጥልቀትና የሚመከረውን የመሠረት ዓይነት መያዝ አለበት። በሌላ ቦታ የተሠራ ሪፖርት አድራሻው ብቻ ተቀይሮ የሚቀርብበት አሠራር ወንጀል ከመሆኑም በላይ ቤተሰብን ለአደጋ ያጋልጣል። ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ናሙናው ሲወሰድ በቦታው መገኘቱ ይህንን ለመከላከል ይረዳል። በውጭ አገር ሆነው በዘመድ በኩል የሚያስገነቡ ወገኖች ጉድጓዱ ከጎረቤት ቤት ወይም ከሌላ ምልክት ጋር አብሮ የሚታይበት ፎቶግራፍ እንዲላክላቸው መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ከግንባታ ፈቃድ ጋር ያለው ግንኙነት

በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች በሦስት ምድቦች ተከፍለው ነበር። ምድብ ሀ አነስተኛ ባለ አንድ ወለል ሕንፃዎችን፣ ምድብ ሐ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን፣ ምድብ ለ በመካከል ያሉትን ይይዝ ነበር። የአፈር ምርመራ ሪፖርት ለየትኛው ሕንፃ እንደሚቀርብ ባለይዞታው የፕላን ስምምነት ሲጠይቅ ከከተማው ወይም ከክፍለ ከተማው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለቤቱ ሪፖርት የማይጠየቅ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ አልጠየቀም ማለት አፈሩ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ምርመራውን የሚያከናውነው ባለሙያ ወይም ድርጅት በሚመለከተው አካል የተመዘገበና ፈቃዱ የታደሰ መሆኑም አስቀድሞ መታየት አለበት። ምርመራው ንድፉ ከመሠራቱ በፊት መከናወን እንጂ ንድፉ ካለቀ በኋላ ለፋይል ማሟያ የሚፈለግ ወረቀት መሆን የለበትም።

ውጤቱ መሠረቱን እንዴት እንደሚወስን

የጥቁር አፈሩ ሽፋን ቀጭን፣ ለምሳሌ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር፣ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣትና መሠረቱን ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ማሳረፍ ይመረጣል። ጥቁር አፈሩ ከወለሉም ሥር መነሣት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ለግድግዳው ብቻ በጥልቀት ተቆፍሮ የክፍሎቹ ወለል በዚያው ጥቁር አፈር ላይ መነጠፉ ነው። የወጣው አፈር በገረጋንቲ ሲተካ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ በማሽን መጠቅጠቅ አለበት፤ አንድ ሜትር ገረጋንቲ በአንድ ጊዜ አፍስሶ ከላይ ብቻ መምታት የታችኛውን ልል ያስቀረዋል። በተጨማሪም ገረጋንቲ ውሃ ያሳልፋል፤ በሸክላ መካከል እንደ ገንዳ ሆኖ ውሃ እንዳያቁር ከዙሪያው የሚገባው ውሃ መከልከል አለበት።

ሽፋኑ ወፍራም ከሆነ መሐንዲሱ መሠረቱን እርጥበት ከማይለዋወጥበት ጥልቀት በታች ሊያወርደው፣ ዓምዶቹን እርስ በርስ በሚያያይዝ ቢም ሊያጠናክረው ወይም ቤቱን በአንድ ጠንካራ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። በዓምዶች መካከል ያለው ቢም ከሥሩ ክፍተት ካልተተወለት አፈሩ ሲያብጥ ቢሙን ገፍቶ ያነሣዋል። እነዚህ አማራጮች ሁሉ ወጪ ይጨምራሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው የሽፋኑ ውፍረት ሲታወቅ ነው፤ ሳይለካ «ለማንኛውም ሦስት ሜትር እናውርደው» ማለት አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ ማባከን፣ አንዳንዴ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት ነው።

ውሃና ዛፍ

ጥሩ መሠረት የተጣለለት ቤትም ውሃ አያያዙ ከተበላሸ ይጎዳል። የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከቤቱ መራቅ አለበት። በቤቱ ዙሪያ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ መሥራት ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ ያግዛል። የሚያፈስ የውሃ ቱቦና ከመሠረቱ አጠገብ የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ አፈሩን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያረጥቡት ጉዳታቸው ከዝናብ ይብሳል። አትክልትን ከግድግዳ ሥር ተክሎ በየቀኑ ማጠጣትም እንዲሁ ነው።

ባሕር ዛፍ ከአፈር ብዙ ውሃ ይስባል። በጥቁር አፈር ላይ ትልቅ ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል ቢርቅ ይመከራል። በቦታው ላይ የነበረ ዛፍ ለግንባታ ሲባል ሲቆረጥም ነገሩ አያበቃም። ሥሩ ያደረቀው አፈር ለዓመታት ቀስ በቀስ እርጥበት እየመለሰ ስለሚያብጥ የዛፎቹ ቦታ በሪፖርቱና በንድፉ ላይ መመልከት አለበት።

መሠረቱ ተቆፍሮ ሲከፈት

የሙከራ ጉድጓድ የሚያሳየው የተቆፈረበትን ነጥብ ብቻ ነው። የመሠረቱ ቁፋሮ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከሪፖርቱ የተለየ አፈር፣ ያልተጠበቀ ውሃ፣ አሮጌ ጉድጓድ ወይም ሙሌት ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሥራው ቆሞ መሐንዲሱ እንዲያየው መደረግ አለበት። ንድፉ የሚለወጥ ከሆነም ለውጡ ለሕንፃ ሹሙ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ቁፋሮው ተከፍቶ በዝናብ ሥር ለሳምንታት መቆየት የለበትም፤ የለሰለሰው የላይኛው ሽፋን ካለ ተጠርጎ ይነሣል። የእያንዳንዱ ማዕዘን የቁፋሮ ጥልቀት ተለክቶ በጽሑፍና በፎቶግራፍ እንዲያዝ፣ የምርመራ ሪፖርቱም ከይዞታ ማረጋገጫውና ከንድፉ ጋር በአንድ ፋይል እንዲቀመጥ ይመከራል። ቤቱ ሲሸጥ፣ ተጨማሪ ወለል ሲታሰብ ወይም ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ ሲታይ መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ፋይል ነው።